ዘፈኑን ስታጫውቱ የደራሲውንም ስም ጥሩ

ለኤፍኤም ሬዲዮ የሙዚቃ ፕሮግራም አዘጋጆች፣ ለዲጄዎችና ለሙዚቃ ቻናል ባለቤቶች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የግጥምና የዜማ ደራሲዎችን ስም በአየር ላይ ስለመጥራት

ጤና ይስጥልኝ።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልግባበት። ዘፈን ስታጫውቱ የድምፃዊውን ስም ትጠራላችሁ። ግጥሙን የጻፈውን፣ ዜማውን የሠራውን፣ ያቀናበረውን ግን አትጠሩም። ሁላችሁንም ማለቴ አይደለም። ስም የሚጠሩ፣ እንዲያውም ደራሲውን አፈላልገው ደውለው የሚያነጋግሩ አዘጋጆች አሉ። እግዜር ይስጣቸው። ግን ጥቂት ናቸው። የምለምናችሁ እነሱ የሚያደርጉትን ሁላችሁም እንድታደርጉት ነው።

እኔ ግጥምና ዜማ እሠራለሁ። እዘፍናለሁም። ሁለቱንም የሚሠራ ሰው ስሙ ባለመጠራቱ እንዴት እንደሚጎዳ ከውጭ ሲያዩት አይታይም። ስለዚህ ሥራው ከውስጥ ምን እንደሚመስል ትንሽ ላሳያችሁ።

ዜማ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሳይጠራ ነው። ታክሲ ውስጥም ብሆን ስልኬን አወጣና እቀርጻለሁ። ያን ጊዜ ቃል የለውም፣ ማንጎራጎር ብቻ ነው። ከዚያ አዝማቹ ይገኛል። ስንኞቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። ቤት ቢመታም ለአፍ የማይመች ቃል ይወጣና በሌላ ይተካል። ዜማው ከፍ በሚልበት ቦታ ላይ አፍ የሚከፍት ቃል መኖር አለበት፤ አለበለዚያ ድምፃዊው እዚያ ሲደርስ ይታነቃል። ይህን ሁሉ አስቤ ነው የምጽፈው።

ቀጥሎ ማስጠናት አለ። ድምፃዊዋ ማይኩ ፊት ትቆማለች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ አቀናባሪው አጠገብ ነኝ። እያንዳንዱን ስንኝ መጀመሪያ እኔ እዘፍነዋለሁ፣ ከዚያ እሷ። «እዚህ ጋ አትቸኩዪ፤ ‹ሄደ› የምትለዋን ጎተት አድርጊና ትንፋሽሽን ከዚያ በኋላ ውሰጂ» እላታለሁ። ትሞክራለች። «እሺ፣ አሁን ደግሞ እንባ የተናነቀሽ አድርጊው።» ደግማ ትሞክራለች። ጎበዝ ድምፃዊት ከሆነች እኔ ያላሰብኩትን ነገር ትጨምርበታለች። ያን ጊዜ የሚሰማኝን ደስታ መናገር አልችልም። ዘፈኑ ሲወጣ አድማጭ የሚወደው ያ ጉተታ፣ ያ ትንፋሽ፣ ያ ሳግ ከሁለታችን የመጣ ነው። እሷ የራሷን አድርጋዋለች። የእኔም መሆኑ ግን አልቀረም።

እንግዲህ ዘፈኑ ወጣ እንበል። ተወደደ። ሰርግ ላይ ተጨፈረበት፣ በጥሪ ማሳመሪያ ገባ፣ በየታክሲው ተሰማ። እኔም አንድ ምሽት መድረክ ላይ ያንኑ ዘፈን በራሴ አዘፋፈን፣ ቀስ አድርጌ ዘፈንኩት። ስወርድ አንድ ወጣት ቀረበኝ። ትሁት ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ ድምፅህ አሪፍ ነው። ግን የሰው ዘፈን ከምትዘፍን የራስህን ብትሠራ ይሻልሃል» አለኝ። ክፉ አላሰበም፤ መምከሩ ነው። ከየት ይወቅ? ያን ዘፈን ስንት ጊዜ በሬዲዮ ሲሰማ የእኔ ስም አንድ ጊዜ እንኳ ጆሮው አልገባም።

ይህኛው ይሁን። ያመመኝ ሌላው ነው። በኋላ ያንኑ ዘፈን በራሴ ድምፅ አስቀርጬ አወጣሁት። አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ በቀጥታ ሥርጭት አጫወተውና ሲያበቃ «የእሷን ሥራ እንደገና ሠርቶ መጥቷል፤ መቼም አስፈቅዶ ይሆናል» አለ። ስሙንም የጣቢያውንም ስም አልጠራም፤ ማንንም ማሳጣት አልፈልግም። ግን አስቡት። የጻፍኩት እኔ፣ ዜማውን የሠራሁት እኔ፣ ያስጠናሁት እኔ። ወላጆቼ ቤት ሆነው ያንን ይሰሙ ነበር።

ዘፈን ለሌሎች ሲጽፍ ቆይቶ ራሱ ድምፃዊ መሆን ለሚፈልግ ሰው ሀብቱ አንድ ነው። እስከዛሬ ለሌሎች የሠራቸው ዘፈኖች ናቸው። «ያንን የወደዳችሁትን የጻፈው ይህ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ ራሱ ሲዘፍን ስሙት» ሲባል ሰው ጆሮውን ይሰጣል። ይህ ካልተባለ ግን ዓመታት የሠራ ባለሙያ ከዜሮ ይጀምራል። ትናንት የጀመረ ልጅ ይመስላል። ይባስ ብሎ ደግሞ ቀጂ ይመስላል።

ይህ የእኔ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ጋሽ ግርማ በየነን እንውሰድ።

ስሙን ስጠራ ስንቶቻችሁ ናችሁ ወዲያው አንድ ዘፈኑ የመጣላችሁ? የዕድሜ እኩዮቼን ስጠይቃቸው ብዙዎቹ ያመነታሉ። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ሳንጎራጉርላቸው ግን «እንዴ፣ እሱንማ!» ይላሉ። ያ ሙዚቃ የግርማ በየነ ድርሰት ነው። በፈረንጆቹ 1977 ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ በሸክላ አስቀርጸውታል። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ዳክታሪስ የሚባል የኒው ዮርክ ባንድ መልሶ ተጫውቶታል። ባሕር ተሻግሮ ሰው ያስጨፈረ ሥራ ነው።

ግርማ ፒያኖ ይጫወታል፣ ግጥም ይጽፋል፣ ዜማ ይሠራል፣ ያቀናብራል፣ ይዘፍናል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ በወጡ ዘፈኖች ላይ እጁ በብዙ ቦታ አለ። ያቀናበራቸው በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። ከድምፃዊው አለማየሁ እሸቴ ጋር በሁለታቸው ስም «አለም-ግርማ» የሚባል ባንድ አቋቁመው ነበር። ዛሬ ግን አለማየሁን የማያውቅ የለም፤ ግርማን የሚያውቀው የሙዚቃ ሰው ነው።

ራሱ ዘፍኖ ያስቀረጻቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኔ በበኩሌ ድምፁን በጣም ነው የምወደው። አይጮህም። ጆሮ ላይ ቀረብ ብሎ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ዜማውን የሠራ ሰው ሲዘፍን የሚሰማ ነገር አለው፦ የት ላይ መሄድ፣ የት ላይ መቆም እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ አይቸኩልም። ያንን ድምፅ በወጉ ብንሰማው ኖሮ ስንት ተጨማሪ ዘፈን ይኖረን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

በፈረንጆቹ 1981 ከዋልያስ ጋር ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ሄደ። ከባንዱ እዚያው ከቀሩት አንዱ እሱ ነበር። ሙዚቃውን ተወው። ለብዙ ዓመታት ቤንዚን ማደያ ሠራ። አብሮት የቀረው ኃይሉ መርጊያ ደግሞ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ስም አለመጠራቱ ብቻ ነው አልልም። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ ቤቱን ዘግቶበት ነበር። ስደትም የራሱ መከራ አለው። ግን እሱ ቤንዚን በሚቀዳበት በዚያ ሁሉ ጊዜ ያቀናበራቸው ዘፈኖች እዚህ ከሬዲዮ አልወረዱም። በተጫወቱ ቁጥር ስሙ ቢጠራ አንድ ትውልድ «ይህ ሰው የት ገባ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

በመጨረሻ የጠየቁት ሌሎች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. አካሌ ውቤ ከሚባለው የፓሪስ ባንድ ጋር አልበም አወጣ፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው፣ የቆየ የኢትዮጵያ ሙዚቃን በአልበም በሚያወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሠላሳኛው ቁጥር ሆኖ። ሰው ደርሶ ስሙን ፈልጎ አገኘው፤ ሽማግሌውም ፒያኖው ጋ ተመልሶ ዘፈነ። በዚህ ደስ ይለኛል። ያን ያህል መዘግየቱ ግን ያሳዝነኛል። ደግሞም መጀመሪያ ልንጠራው የሚገባን እኛ ነበርን።

ነገሩ ከጥንት የመጣ ልማድ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገጣሚውና ዘፋኙ አንድ ሰው ነው። ማሲንቆውን ይዞ ፊታችሁ ቆሞ ይገጥማል። «ተቀበል!» ብላችሁ ስንኝ ብትሰጡትም ያንኑ በዜማ ይመልስላችኋል፤ ስንኙ የማን እንደሆነ ቤቱ በሙሉ አይቷል። ሥራው እየተከፋፈለ የመጣው ኦርኬስትራዎች ሲቋቋሙ ነው። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ሀገር ፍቅር፣ እያንዳንዱ የራሱ ደራሲዎችና የራሱ ድምፃውያን ነበሩት። ጥላሁን ገሠሠ ፊት ለፊት ሲቆም ከኋላው እነ ሳህሌ ደጋጎ ነበሩ። መከፋፈሉ ራሱ ክፋት የለውም። ድንቅ ሥራ ወጥቶበታል።

የካሴት ዘመን ደግሞ ለደራሲ ደግ ነበር። ካሴት ሲገዛ መጀመሪያ የሚዘረጋው ተጣጥፎ የገባው ወረቀት ነው። በደቃቅ ፊደል ከእያንዳንዱ ርዕስ ጎን «ግጥም» እና «ዜማ» ይላል፣ ከታች ደግሞ «ቅንብር»። ታላላቆቻችን ገጣሚውን ይልማ ገብረአብን ያወቁት፣ የዜማ ደራሲውን አበበ መለሰንም ያወቁት ከዚያች ወረቀት ነው። ካሴቱን ሳይሰሙ ወረቀቱን አይተው ብቻ የሚገዙ ነበሩ። ሲዲ ሲመጣም ወረቀቱ ነበር። ፍላሽና ቴሌግራም ሲመጡ ግን ወረቀቱ ጠፋ። አሁን እናንተ ጋ የሚደርሰው ፋይል የድምፃዊውን ስምና የዘፈኑን ርዕስ ብቻ ይዞ ነው። አንዳንዴ ርዕሱም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት ሲሠራ የነበረውን ሥራ ዛሬ ሊሠራ የሚችለው የእናንተ አንደበት ነው።

የራሳቸውን ጽፈው የሚዘፍኑ ብዙ እንዳሉ አውቃለሁ። ቴዲ አፍሮ ሲዘፍን የጻፈው ራሱ መሆኑን አድማጭ ያውቃል። ዘሪቱ ከበደም እንደዚያው። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ይዞ ሲመጣ ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ቅንብሩም የእሱ መሆኑ ራሱ መነጋገሪያ ነበር። እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል፤ እነሱ በዋናው በር ነው የገቡት። አብዛኞቻችን ግን ያን ዕድል አላገኘንም። አልበም ለማውጣት ገንዘብ የለንም። ስለዚህ መጀመሪያ ለሌላ ሰው እንጽፋለን፤ ከዚያ ቀስ ብለን የራሳችንን እንሞክራለን። ይህ መንገድ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ስማችን ከሥራችን ጋር ከሄደ ብቻ ነው።

ማድረግ እንደምትችሉም አይቻለሁ። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ መስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ያን ሰሞን አንድ ዘፈን ባለቀ ቁጥር «ይህም የኤልያስ ነው» ይባል ነበር። ብዙ አድማጭ «ይህም? ያኛውም?» እያለ ተገረመ። ኤልያስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አውታር የሚባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ የጀመረው እኮ ባለሙያው የድካሙን እንዲያገኝ ብሎ ነበር። ያን ሰሞን ያደረጋችሁት ትክክል ነበር። ለሌላውም ሰው በቁሙ አድርጉት።

ይህ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕግም አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 8 ስለ ደራሲው የሞራል መብት ይናገራል። አንድ ደራሲ የሥራው አመንጪ እኔ ነኝ ብሎ የመታወቅ መብት አለው። አዋጁ ለብሮድካስት የተወው ጠባብ ነገር ነው፤ ወቅታዊ ዜና ሲዘገብ በአጋጣሚ የተሰማ ሥራ ከሆነ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዘፈን እየመረጣችሁ የምታጫውቱበት ፕሮግራም በአጋጣሚ የተሰማ አይባልም። የኢኮኖሚ መብቱ ደግሞ በደራሲው ሕይወት ዘመንና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ማለትም የምታጫውቱት የ1960ዎቹ ዘፈን ራሱ የልጅ ልጆች ጉዳይ አለበት።

አንዳንዱ «ደራሲው ሸጦት የለ እንዴ?» ይላል። አዎ፣ ብዙዎቻችን ሸጠናል። አንድ ጊዜ ገንዘብ ተቀብለን አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ፈርመናል። ቤት ኪራይ ደርሶ ከሆነ ደግሞ ሳናነበው ነው የምንፈርመው። ግን የሸጥኩት ዘፈኑን ነው። «ይህን የጻፈው እሱ ነው» እንዳይባል የሚል ነገር ማንም አላስፈረመኝም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ የገንዘብ ነገርም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። አዋጅ ቁጥር 872/2007 የመብት ባለቤቶች በጋራ ማኅበር ሆነው ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራቸው ሲጫወት የሚከፈላቸውን ድርሻ፣ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። ሮያሊቲ በትክክል የሚከፋፈለው ምን እንደተጫወተና የማን እንደሆነ ሲመዘገብ ነው። የጣቢያው መዝገብ ላይ የድምፃዊው ስም ብቻ ካለ የደራሲው ድርሻ ለማን ይሂድ? ዛሬ ስም መጥራት የለመደ ጣቢያ ነገ መመዝገብ አይከብደውም።

«ሰዓት የለንም» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ሰዓት ውድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ጣቢያ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። ግን «ግጥምና ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሊት» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። መግቢያው ላይ፣ ቃሉ ሳይጀምር፣ ሙዚቃው ከሥር እየተሰማ ልትሉት ትችላላችሁ። ደግሞ እመኑኝ፣ አድማጭ ይወደዋል። «ይህን የጻፈው ያኛውንም የጻፈው ነው» ማለት ለፕሮግራም ምን ያህል ወሬ እንደሚከፍት እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በአንድ ደራሲ ሥራዎች ብቻ አንድ ሰዓት አዘጋጁ እስቲ። አምስት የተለያዩ ድምፃውያን፣ አንድ እጅ። መጨረሻ ላይ ራሱን ጋብዙትና ከዘፈኖቹ አንዱን በራሱ ድምፅ ይዝፈነው። ድምፁ እንደ ድምፃዊው ላያምር ይችላል። ዘፈኑ ግን መጀመሪያ እንዴት እንደታሰበ ትሰማላችሁ።

«ስሙን አናውቀውም» የሚለው መልስ ግን እውነት አለው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ድምፃውያን እህት ወንድሞቼ፣ ዩቲዩብ ላይ ስትለቁ ከቪዲዮው ሥር ሙሉ ስም ጻፉ፤ የካሜራ ባለሙያውን፣ የሜካፕ ባለሙያዋን ስትጽፉ ገጣሚውን አትዝለሉ። ለጣቢያ ፋይል ስትልኩ የፋይሉ ስም ላይ አስገቡት። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ዘፈን ስሠራው» ስትሉ ከማን ጋር እንደሠራችሁት ንገሩን። ይህን ሁልጊዜ የሚያደርጉ ትልልቅ ድምፃውያን አሉ፤ በዚህ ምክንያት አንድም አድማጭ አልቀነሰባቸውም። እኛ ደራሲዎችም ዝም ብለን መቀመጥ የለብንም። ሥራችንን እናስመዝግብ። ፊርማችን ያለበትን ወረቀት ቅጂ ቤታችን እናስቀምጥ።

አድማጮችም ብትሆኑ ስልካችሁ አለ። ዘፈን ለመምረጥ ስትደውሉ ወይም ቴክስት ስትልኩ «የጻፈው ማን ነው?» ብላችሁ ጨምሩበት። አዘጋጁ ካላወቀ ሄዶ ይጠይቃል፤ በሚቀጥለው ቀን ያውቃል።

ለእናንተ ለአዘጋጆች የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። ከምታጫውቷቸው ዘፈኖች የደራሲውን ስም የምታውቁትን ከዛሬ ጀምራችሁ ጥሩ። የማታውቁትን አቀናባሪውን ወይም ድምፃዊውን ጠይቁ፤ የሙዚቃ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ በአንድ ስልክ ይገኛል። ለቆዩ ዘፈኖች ደግሞ ካሴት ያልጣሉ ሰዎች አሉ። እኔም የወረቀቶቹን ፎቶ እየሰበሰብኩ ነው፤ ለጠየቀኝ ጣቢያ ሁሉ ያለ ክፍያ እሰጣለሁ። ዘፈኑ ራሱን ይዘፍናል በሚል ደራሲ ጋ ደውላችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ይህን ሳምንት ለአንዱ ደውሉለት።

ከአክብሮት ጋር
የግጥምና የዜማ ደራሲ፣ ድምፃዊ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን
ለሙዚቃ አሳታሚዎችና ለስቱዲዮ ባለቤቶች